በሽፍታውና በአባ ሙሴ መካከል

ነብር ዝንጉርጉርነቱን፣ ኢትዮጵያዊም መልኩን እንደማይለውጥ የሚናገረውን አባባል በአገራችን ያልሰማ የለም። እኛ የምናነሣው ማንነትን ስለ መጠበቅ ስንናገር፣ በኩራት ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በመጽሐፉ 13ኛ ምዕራፍ ላይ ሲያነሣው ግን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ክፋትን የለመደ ሕዝብ፣ ልማዱ እንደ ቆዳ መልክ ከሥጋው ጋር አንድ የሆነበት ሕዝብ፣ ደግ መሥራት እንዴት ይችላል ብሎ ነው የጠየቀው። አጠያየቁ መልስ የሚጠብቅ አይመስልም። “የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ” የሚለው ተረታችንም ከዚያው ወገን ነው፤ ልማድ አይለቅም ይላል።

ከኤርምያስ ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በግብፅ በረሃ የኖረ አንድ ሰው ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ ሰጠ። በግሪክ ቋንቋ የጻፉለት ሰዎች ኢትዮጵያዊው ሙሴ ይሉታል። የእኛ ስንክሳር ሙሴ ጸሊም ብሎ ሰኔ 24 ቀን ያስበዋል፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም የምታከብረው በዚሁ ዕለት ነው። የዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያዊ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስለነበረ ቃሉ ብቻውን የተወለደበትን አገር አይወስንልንም። ጥቁር፣ ግዙፍና እጅግ ብርቱ ሰው እንደነበር ግን መጻሕፍቱ ይናገራሉ። አሮጌ ሕይወትን ትቶ በክርስቶስ አዲስ ሰው ስለ መሆን መማር ለሚፈልግ ከሙሴ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የተለወጡማ ብዙዎች አሉ። የሙሴን ታሪክ የተለየ የሚያደርገው፣ በሌሎች ታሪኮች ውስጥ ተዘልሎ የሚታለፈው ክፍል፣ ማለትም በሽፍትነቱና በቅድስናው መካከል ያሉት ዓመታት፣ ሳይደበቁ ተጽፈው መቆየታቸው ነው።

ዋናው ምንጫችን ጳላድዮስ ነው። በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ዓመታት ኖሯል፤ በኋላም ጳጳስ ሆኗል። መጽሐፉን በ420 እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈው ላውሶስ ለተባለ የቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ስለሆነ “ላውሳዊ ታሪክ” ይባላል። እንደ እሱ አባባል ሙሴ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር። ጠባዩ ክፉ፣ እጁም ዘራፊ ሆኖ ቢያስቸግረው ጌታው አባረረው። ነፍስ እስከ ማጥፋት ደርሷል ይባል ነበር። ከዚያ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ።

ከዚያ ዘመን ጳላድዮስ አንድ ነገር መርጦ ይነግረናል። ሙሴ አንድ ሌሊት ሊፈጽመው ያሰበውን ነገር የአንድ እረኛ ውሾች አሰናከሉበት። ቂም ያዘ። እረኛውን ሊገድል ሲያፈላልገው ከዓባይ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰማ። ወንዙ ሞልቶ ስፋቱ አንድ ማይል ያህል ሆኗል። ሙሴ ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ፣ ጎራዴውን በጥርሱ ነክሶ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ተረፈ። ሙሴ ባዶ እጁን መመለስ አልወደደም፤ ከመንጋው አራት ምርጥ አውራ በጎች አረደ፣ በገመድ አያይዞ እየጎተተ ያንኑ ወንዝ መልሶ ዋኘ። ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት፣ ከዚያም ጓዶቹ ወዳሉበት 50 ማይል ተጓዘ። ይህን ጉልበት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን አንባቢ የሚጠብቀው ትልቁ ትዕይንት ይመጣል፤ የመለወጡ ቅጽበት። ጳላድዮስ ግን ለዚህ የሚሰጠው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ባጋጠመው አንድ ነገር ልቡ ተነክቶ ወደ ገዳም ገባ ይላል፤ ምን እንዳጋጠመው እንኳ አይገልጽም። ስንክሳሩ ትንሽ ያክልበታል። ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር፤ ነገር ግን ፀሐይ አልመለሰችለትም፤ የማያውቀውን አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ለመነው፤ በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቃሉ ሲባል ሰምቶ ተነሥቶ ሄደ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም መጻሕፍት ትኩረታቸውን የሚያሳርፉት ከገባ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ዛሬ በየጉባኤው የምንሰማው ምስክርነት በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ኃጢአቱ በዝርዝር ይነገራል፣ የዳነበት ቀን በሰዓቱ ይጠቀሳል፣ የቀረው ሃያ ዓመት “ከዚያ ወዲህ ጌታ ረድቶኛል” ተብሎ ይታለፋል።

አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን የሚባለው ሸለቆ ነው። ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የጥንት ግብፃውያን አስከሬን የሚያደርቁበትን ጨው ያወጡት ከዚያ ሐይቆች ነበር። በ330 እ.ኤ.አ. አካባቢ አባ መቃርስ እዚያ በአት ሠርተው ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌሎች ተከተሏቸው። መነኮሳቱ በየበአታቸው እየጸለዩና የዘንባባ ቅጠል እየታቱ ሳምንቱን ይገፋሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ሙሴን የተቀበሉት ቄሱ አባ ኤስድሮስ ናቸው። ስሙ የሚያስፈራ ወንበዴ በር ሲያንኳኳ የከፈቱ ሽማግሌ መሆናቸውን አንርሳ። ስለ ተለወጠው ሰው ስንነጋገር በሩን ስለከፈተው ሰው ዝም ማለት ልማዳችን ነው።

እዚህ ላይ ቃሉን እንፍታ። ንስሐ ከግእዝ “ነስሐ” የመጣ ነው፤ መጸጸት፣ ማዘን ማለት ነው። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የግሪኩ ቃል “ሜታኖያ” ደግሞ አሳብን መለወጥ፣ ልብን ማዞር ማለት ነው። አንዱ ቃል የሚያመውን ያሳየናል፤ ሌላው የሚዞረውን። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶንና በቆላስይስ መልእክቶቹ የተጠቀመበት ምሳሌ ልብስ ነው፤ አሮጌውን ሰው እንደ ልብስ አውልቆ አዲሱን መልበስ። ይህ ምሳሌ የጥምቀትን ሥርዓት ያስታውሳል። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ተጠማቂው ልብሱን አውልቆ ወደ ውኃው ይገባ ነበር፤ ሲወጣ ነጭ ይለብሳል። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይመሰክራል። ይህ መዞር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ሥርዓት ዛሬም አለ። ሕፃኑ በ40 ቀኑ፣ ሕፃኗ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ፣ አፋቸውን ያልፈቱትን ተክተው የሚክዱላቸውና የሚያምኑላቸው የክርስትና አባትና እናት ናቸው። ማዞሩ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በዞሩበት አቅጣጫ መሄዱ ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ ሙሴም የተማረው ይህንኑ ነበር።

ምክንያቱም በአቱ ውስጥ ገብቶ እንደተቀመጠ አሮጌው ልማድ ተከትሎት ገባ። ሆዳምነቱ፣ የመጠጥ ጥማቱ፣ ከሁሉም በላይ የዝሙት አሳብ ሌት ተቀን አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ገዳሙን ትቶ ለመሄድ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ የሚታገለውን ሁሉ ነገራቸው። የሽማግሌው መልስ ለማንኛውም ከሱስ ጋር ለሚታገል ሰው ቢነገር እወዳለሁ። አልተቆጡትም፤ አልደነገጡበትምም። ገና ጀማሪ መሆኑን፣ ልማዱ ግን የብዙ ዓመት መሆኑን ነገሩት። ሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት የለመደ ውሻን አስብ አሉት፤ ሥጋ ቤቱ ቢዘጋም መመላለሱን ወዲያው አይተውም፤ የሚጥልለት ሰው ካጣ ግን ውሎ አድሮ መምጣቱን ያቆማል። በሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያድሩትን ውሾች ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምኞቱ ዛሬም በርህ ላይ መቆሙ አለመለወጥህን አያሳይም፤ ዋናው ነገር አጥንት አለመወርወርህ ነው ማለታቸው ነበር።

ሙሴም ሥጋ ቤቱን ሊዘጋ ተነሣ፤ የዘጋውም በዚያው በጥንቱ ኃይሉ ነው። በቀን የሚበላው 12 ወቄት፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ኪሎ ያህል ደረቅ እንጀራ ሆነ። በቀን 50 ጸሎት ያደርሳል፤ ሥራውንም ይሠራል። አልበቃውም። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን ሲጸልይ አደረ። የዝሙት ሕልሙ ግን አልተወውም። አሁን ደግሞ ሌላ ዘዴ አገኘ፤ ሌሊት እየተነሣ መራመድ የማይችሉትን ሽማግሌዎች በአት እየዞረ፣ እንስራቸውን ወስዶ፣ ሳያውቁ ውኃ ሞልቶ ይመልሳል። የውኃው ጉድጓድ ለአንዳንዱ በአት ሁለት ማይል፣ ለአንዳንዱ አምስት ማይል ይርቃል። ጎራዴ ነክሶ ዓባይን የተሻገረው ጉልበት እንስራ ተሸክሞ በጨለማ አሸዋ ሲያቋርጥ ይታያችሁ። ከሙሴ ታሪክ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነው። ክርስትና ከዚህ ሰው ላይ ጉልበቱን አልወሰደበትም። ድሮም የእሱ የነበረውን አቅም የት እንደሚያውለው አሳየው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የብርቱ ሰው ገድል ብቻ በሆነ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሴ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ ውኃ ሲቀዳ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው ይላል ጳላድዮስ። እንደ ሞተ ሰው ተዘረረ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው አግኝቶት ለአባ ኤስድሮስ ነገራቸው፤ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። አንድ ዓመት ታመመ። ያኔ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መጣላቱን እንዲያቆም፣ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው መከሩት። ሙሴ እንቢ አለ፤ ያ ሕልም እስካልተወኝ ድረስ አላቆምም አለ። ሽማግሌው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚተወው ነግረው፣ ሳይፈራ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበል አዘዙት። ይህ ሁሉ የደረሰበት በገዛ ተጋድሎዬ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ መሆኑንም አስረዱት። ሙሴ ወደ በአቱ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ አባ ኤስድሮስ ሲጠይቁት አሁን ምንም እንደማያስቸግረው መለሰ።

ይህን ክፍል ቶሎ ማለፍ አልፈልግም። በክርስትና ስለ መለወጥ የሚነሣው ትልቁ ክርክር፣ በጸጋ ነው ወይስ በተጋድሎ የሚለው፣ እዚህ በአንድ ሰው ወገብ ላይ አርፏል። ሙሴ ስድስት ዓመት ቆሞ አድሯል፤ ድሉ የመጣው ግን ወድቆ፣ ሰው ተሸክሞት፣ በሌላ ሰው ጸሎት ነው። ስድስቱ ዓመታት ከንቱ ነበሩ ማለት ነው? አይመስለኝም። በእነዚያ ዓመታት ውኃ የተቀዳላቸው ሽማግሌዎች ጠጥተዋል። ሙሴም ኃይሉ የት ላይ እንደሚያልቅ ያወቀው እስከ መጨረሻው ድረስ ስለተጠቀመበት ነው። ስጦታውን ለመቀበል እጅ የዘረጋው ሰው ምንም ያልሞከረ ሰው አልነበረም።

እስካሁን “እሱ” ስለው ቆየሁ። አማርኛ ለሽፍታና ለአባት የተለያየ ግሥ ስላለው ከየትኛው መስመር ላይ “እሳቸው” ማለት እንደሚገባኝ ብዙ አሰብሁ። ገዳም ከገባበት ቀን ጀምሮ ልበል አልኩ፤ ታሪኩ አልፈቀደልኝም። ከዚህ፣ ተሸንፎ ከቆረበበት ቀን፣ ብጀምር ይሻላል።

የበረሃ አባቶችን ንግግርና ታሪክ የያዘው “የአባቶች ዜና” የተባለው መጽሐፍ የሚነግረንን፣ አባ ሙሴ ገና በፈተና ውስጥ ሳሉ የሆነውን አንድ ነገር ልጨምር። አባ ኤስድሮስ አንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ አወጧቸው። ወደ ምዕራብ እንዲመለከቱ አደረጓቸው፤ ለውጊያ የሚጋፉ አጋንንት አዩ። ወደ ምሥራቅ አዞሯቸው፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት ቆመው አዩ። አባ ኤስድሮስም ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ ብለው አጽናኗቸው። በጥምቀት ዕለት ተጠማቂው የሚዞርባቸው ሁለት አቅጣጫዎች እነዚሁ ናቸው። የደከመውን ሰው እንደገና ወደ ምሥራቅ የሚያዞር ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

አራት ሌቦች የማን ቤት እንደሆነ ሳያውቁ የአባ ሙሴን በአት ሊዘርፉ የገቡበት ቀንም አለ። አራቱንም አስረው እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባቸው ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው፤ ማንንም መጉዳት ስላልተፈቀደላቸው ምን ላድርጋቸው ብለው ወንድሞችን ጠየቁ። ሌቦቹ የተሸከማቸው ያ የታወቀው የወንበዴ አለቃ ሙሴ መሆኑን ሲሰሙ እነሱም መነኮሱ። አንዳንዱን ሰው የሚመልሰው ስብከት ሳይሆን ቀድሞት በዚያው መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው።

ተለውጦ የኖረ ሰው በምን ይታወቃል ብትሉኝ በሌላው ውድቀት ላይ በሚያሳየው ጠባይ ይታወቃል እላለሁ። በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደል ሠራ። ጉባኤ ተጠራ፤ አባ ሙሴ አልሄዱም። መልእክተኛ ቢላክባቸው ተነሡ፤ የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልተው ተሸክመው መጡ። ውኃው ከኋላቸው አሸዋው ላይ እየፈሰሰ መስመር ሠራ። ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ኃጢአታቸው ከኋላቸው እየፈሰሰ እንደማያዩት፣ ዛሬ ግን በሌላ ሰው ላይ ሊፈርዱ እንደመጡ ተናገሩ። ወንድምየው ይቅር ተባለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ ጾም እንዲሆን በታዘዘበት ወቅት ከሩቅ የመጡ እንግዶች ስላገኙ እሳት አንድደው አበሰሉላቸው። ጎረቤቶች ጢሱን አይተው ከሰሱ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ግን የሰውን ትእዛዝ አፍርሰው የእግዚአብሔርን እንደጠበቁ በጉባኤ ፊት መሰከሩላቸው። ሌላውን ሲዘርፍ የኖረ እጅ የሌላውን ረኃብ ሲያይ ሥርዓት እስከ መተላለፍ ደረሰ።

ስለ ክህነታቸው የሚነገረው ታሪክ ዛሬ ሲነበብ ያማል። ነጭ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ ጳጳሱ አሁን ነጭ ሆንክ አሏቸው፤ እሳቸውም ከውጭ ብቻ ነው ወይስ ከውስጥም ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሊፈትኗቸው ካህናቱ በቆዳቸው መልክ እየሰደቡ ከመቅደስ እንዲያስወጧቸው ተደረገ። አባ ሙሴ ስድቡን ራሳቸው ላይ እየደገሙ ወጡ፤ አልተቆጡም። መጽሐፉ ይህን የትሕትና ከፍታ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ትሕትናቸውን እኔም አከብራለሁ። ጥቁርን ከኃጢአት፣ ነጭን ከጽድቅ ጋር ያጋባው ንግግር ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ጥፋት ነው፤ የወንጌል ትምህርት አይደለም። ለኤርምያስ ጥያቄ መልሱም እዚሁ አለ። አባ ሙሴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጥቁር ነበሩ፤ ስማቸውም ጸሊም ሆኖ ቀረ። የተለወጠው ነቢዩ እንደ ቆዳ የጸና ነው ያለው ልማድ ነው።

አንባቢዬ፣ ምናልባት አንተ ወይም አንቺ ከመጠጥ፣ ከጫት፣ ከቁማር፣ ከቂም ጋር በዚያ መካከለኛ ዘመን ውስጥ ትሆኑ ይሆናል። ተጸጽታችኋል፣ ቃል ገብታችኋል፣ እንደገና ወድቃችኋል። በዚህ ጊዜ “ካፈርኩ አይመልሰኝ” የሚለው አሳብ ከኃጢአቱ ይልቅ ይገድላል። ሙሴ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ የሆነውን ሁሉ ለአንድ ሰው ነገረ፣ ከዚያም ውኃ ለሚያስፈልገው ሰው ውኃ ቀዳ። ንስሐ አባት ያላችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ፣ የወንጌላውያን አማኝ የሆናችሁ ወደምታምኑት መጋቢ ወይም ወንድም ሂዱ፤ በሐፍረት ምንም ሳታስቀሩ ተናገሩ። በሩ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሰሙ ሽማግሌዎች ከሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ እንደ አባ ኤስድሮስ አትደንግጡ።

አባ ሙሴ በ75 ዓመታቸው፣ 70 ደቀ መዛሙርት አፍርተው አረፉ ይላል ጳላድዮስ። የአባቶች ዜና አሟሟታቸውን ይነግረናል። የበረሃ ወራሪዎች መምጣታቸውን ሰምተው ወንድሞች እንዲሸሹ አዘዙ፤ እሳቸው ግን ሰይፍ ያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረውን አስታውሰው ይህን ቀን ብዙ ዓመት እንደጠበቁት ተናገሩ። ሰባት ወንድሞች አብረዋቸው ቀሩ፤ ወራሪዎቹ ገብተው ገደሏቸው። ሞታቸው በ407 እ.ኤ.አ. ገደማ ከደረሰው የአስቄጥስ የመጀመሪያ ጥፋት ጋር ይያያዛል። በዋዲ ኤል ናትሩን ዛሬም መነኮሳት የሚኖሩባቸው አራት ጥንታዊ ገዳማት አሉ። የአባ ሙሴ አጽም ከእነዚህ በአንዱ፣ በደይር አል ባራሙስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአባ ኤስድሮስ አጽም ጋር አብሮ ይገኛል።